በደጃፍ የሚሰጥ ስም

ሀርስቢ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1977

ለተወደድከው ለኔቪል፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ፤ የለንደን ክረምትም ይለፍህ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቷ እሄዳለሁ፤ በሩን ስትከፍትልኝ የመጀመሪያ ቃሏ "ከኔቪል ምን ተሰማ?" ነው። ሻዩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለሷ የሚነገር ነገር አታሳጣኝ።

የጋዜጣችንን ወሬ ጠይቀኸኛል። ባለፈው ዓርብ ተዋረድን። በዚህ ወር የዱባ ውድድሩ ውጤትና የሰሞኑ ልደቶች አንድ ገጽ ላይ ይወጣሉ። አልፍን ታስታውሰዋለህ፤ ማተሚያ ክፍላችን ማለት እሱ ብቻ ነው። የእርሳስ ፊደሎቹን ሲደረድር ሁለት መስመር አቀያየረ። ጠዋት ከተማው ሁሉ "ለአቶና ለወይዘሮ ቶድ፣ ሴት ልጅ፤ ክብደት ስልሳ አንድ ፓውንድ፤ አንደኛ ሽልማት" የሚለውን አነበበ። የሻለቃ ፍሪስቢ ዱባ ደግሞ ሰባት ፓውንድ ሆኖ "እናትም ልጅም ደህና ናቸው" ተባለለት።

ወይዘሮ ቶድ ገጹን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሻለቃው ግን ዱባውን ተሸክሞ ቢሮዬ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። "ይመዝኑት" አለኝ።

እስካሁን እዚያው ነው። ደብዳቤህን የምጽፈው አጠገቡ ተቀምጬ ነው።

ኢኒድ


ለንደን፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1977

ለማከብርዎት ለእትዬ ኢኒድ፣

ዓይንዎና እጅዎ ለየዓርቡ ይበርቱልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰው ተነሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለእናቴ ሥራ ላይ ነኝ ይበሏት። ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ትንሽ ነገር አግኝቻለሁ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ወረቀት ማድረስ ዓይነት ነገር። አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሌላ ሰው መስኮት አለ።

አልፍ ሻለቃውን ሲያይ ምን አለ? ቃል በቃል ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ዱባው የተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው ወይስ ባዶ ጠረጴዛ ላይ? ከሥራዎ ሁሉ ደግሞ የሚከብድዎት የቱ ነው? እናቴ "ኢኒድ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ለአንተ ዝምድናዋ ሩቅ ነው" ትላለች። እኔ ግን ከእርስዎ የሚቀርብ ዘመድ ያለኝ አይመስለኝም።

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1977

ለኔቪል፣

ሰላም ላንተ፤ ለአንዲቷ መስኮትህም ፀሐይ ይውጣላት።

አልፍ የተናገረው ይህ ነው፦ "ሻለቃ፣ ክርስትና የሚያስነሡት መቼ ነው?" ሻለቃው ቀላ። "አንተ ሰውዬ፣ ጦር ሜዳ ላይ በእጄ ብትወድቅ ኖሮ አሳይህ ነበር" አለው። አልፍም "ጦር ሜዳ ላይማ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ሰው ባላውቅ ዱባ አውቃለሁ" አለ። ዱባው ያረፈው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅምህ አልገባኝም፤ ሆኖም ጠየቅህ፣ ጻፍኩ።

የሚከብደኝ ቀብር ነው። ዝናብም ይሁን በረዶ ደብተሬን ይዤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቆማለሁ። የሚገባው ሁሉ ስሙን ይሰጠኛል። አንዳንዷ "የራሴንም የባሌንም ጻፊ፤ እሱ ወገቡን አሞት ነው" ትለኛለች። ዓርብ ዕለት ስማቸው በሙሉ ይወጣል። አንድ ሰው ቢዘለል ልጆቹ ሳይቀሩ ይቀየሙኛል። እዚህ አገር ዝርዝሩ ላይ ያለ መጥቷል፤ የሌለ አልመጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ በር ላይ ስቆም አንድም ስም አልዘለልኩም። ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ያለኝ ነገር ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ብዙ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ።

ኢኒድ


ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1978

ለእትዬ ኢኒድ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሦስት ወር ሙሉ መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ አሉኝ፤ በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ።

ሥራው በዝቶብኛል። ለእናቴ በትንሣኤ እመጣለሁ ይበሏት። ወይም አይበሏት።

የቀብሩን በር ነገር ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። እዚያ በር ላይ ገጥሞዎት የሚያውቅ እንግዳ ነገር አለ? የሚያስቅ መሆን የለበትም። የሚያስቅ ቢሆንም ግድ የለም። እዚህ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ የሚነግረኝ ግን የለም።

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ጁን 12 ቀን 1978

ለኔቪል፣

በጤና ያለህ ይሁን። እናትህ በትንሣኤ መስኮት ላይ ዋለች። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአልፍም። ለምን ለአንተ እንደምጽፍ አስቤበታለሁ። ሩቅ ስለሆንክ ይመስለኛል። እዚህ የተናገሩት ቃል ማዕዘኑ ላይ ዞሮ ይጠብቅሃል። አንተ ጋ የደረሰ ግን የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ማክሰኞ የዘር ነጋዴውን የአቶ አምብሮዝ ሊልን ቀብር አደረግን። በር ላይ ነበርኩ። ወይዘሪት ዶርካስ ፔል መጣች፤ ያቺ ትንሿን ቤተ መጻሕፍት የምትጠብቀው፣ በልጅነትህ ስለቆሸሸ እጅህ የምትቆጣህ። ከጓሮዋ የቆረጠቻቸውን ሐምራዊ አበቦች በእኛው ጋዜጣ፣ በከብት ገበያው ገጽ፣ ጠቅልላ ይዛለች። እርሳሴን አነሣሁ። ጠጋ ብላ "ኢኒድ፣ አትጻፊኝ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቀና ብዬ አየኋት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያየሁት፣ ያየሁ ያልመሰለኝ ነገር ሁሉ ያኔ ቦታ ቦታውን ያዘ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቆቹ ሲዘጉ የአቶ ሊል መኪና የምትታጠፍበት መንገድ። በረቡዕ የሚወርደው የቤተ መጻሕፍቱ መጋረጃ።

አልጻፍኳትም። ዓርብ መቶ አራት ስም ወጣ። መቶ አምስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ።

ባለቤቱ ወይዘሮ ሊል "መቃብሩ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አበባ አግኝቻለሁ፤ ካርድ የለውም። የማን እንደሆነ ብትነግሪኝ በጋዜጣው አመሰግን ነበር" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ ዋሽቼ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ አቃጥለው።

ኢኒድ


ለንደን፣ ጁን 15 ቀን 1978 (ያልተላከ)

እትዬ ኢኒድ፣

ወረቀት አመላላሽ አይደለሁም። ደራሲ ነኝ። ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ጋዜጣ የጻፍኩትን ስድስት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ቀልድ ተቀብለውኛል። ዱባው የመጀመሪያው ክፍል ነው። አልፍ ሌላ ስም ተሰጥቶታል። እርስዎም ሌላ ስም አለዎት። ተዋናይቷ መነጽሯን እንደ እርስዎ ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትፈልገዋለች፤ ያሳየኋት እኔ ነኝ።

ልነግርዎት ነበር። በኦክቶበር ልነግርዎት ነበር። ብነግርዎ ለእኔ ሳይሆን ለቴሌቪዥን ይጽፉልኛል ብዬ ፈራሁ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ዱባውን የት እንዳስቀመጠ አይናገርም።

አራተኛው ክፍል መጨረሻ አልነበረውም።

ዛሬ ጠዋት አገኘ።

ደብዳቤውን እንዳዘዙኝ አቃጠልኩት። ገልብጬው ነበር።

ይህን ነገ እልከዋለሁ።


ለንደን፣ ጁን 16 ቀን 1978

ለማከብርዎት ለእትዬ ኢኒድ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዳዘዙኝ አቃጥያለሁ። ሐሳብ አይግባዎት።

አንድ ነገር ብቻ፤ ያን ዕለት ዝናብ ነበር?

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ማርች 9 ቀን 1979

ለኔቪል፣

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ትናንት እናትህ ቤት ሰባት ሰው ተሰብስበን "ዓርብ ይወጣል" የተባለውን በቴሌቪዥን አየን። መጨረሻው ላይ ስምህ ሲወጣ እናትህ ተነሥታ ቆመች፤ ያ ጉልበቷ። ሻለቃው ሳይቀር ስቆ ስቆ "ያ ሰውዬ እኔ ነኝ" እያለ ሲነግረን ነበር። አልፍ ዛሬ ሥራ የገባው ከረባት አስሮ ነው። "ኢኒድዬ፣ የኔን ቦታ የሚጫወተው ሰው ሆዱ ትልቅ ነው፤ ጻፊለትና ይቀንሱለት" ይለኛል።

እኔም ሳቅሁ። ያቺ ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ስታደርግ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ወረቀት ታመላልስ እንደነበር ነው የማውቀው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ደስ እንዳለኝ እወቅልኝ። ከዚህ ደብዳቤ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው። ምን እንደምጠይቅህ ታውቃለህ። ያን አልነካሁትም ብለህ ጻፍልኝ። አንዲት መስመር ይበቃል።

ኢኒድ


ለንደን፣ ማርች 22 ቀን 1979

ለማከብርዎት ለእትዬ ኢኒድ፣

እንደምን ከረሙ? እዚህ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ለእናቴ ወፍራም ካፖርት ልኬላታለሁ፤ እጅጌው ከረዘመባት አንድ ሰው ያሳጥርላት። ለአልፍ ስለ ሆዱ ነገር ለሚመለከታቸው አስታውቄያለሁ ይበሉልኝ።

ለጊዜው ሥራ ላይ ነን። በሰፊው እጽፋለሁ።

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1979

ለኔቪል፣

አራተኛው ክፍል ከወጣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ያን ዕለት ዝናብ ነበር ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ አልመለስኩልህም ነበር። ዝናቡን አንተ ራስህ ጨመርክበት። ሴትዮዋን ከቤተ መጻሕፍት አውጥተህ አስተማሪ አደረግሃት፤ ያን ያህል እንደተጠነቀቅህ አይቻለሁ። አበባዋን ግን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ በከብት ገበያው ገጽ። "አትጻፊኝ" አለች። ያቺ መነጽሯን የምትፈልገው ሴትም የሰማችውን ሁሉ እንዳለ ጻፈችው። ዓርብ ጋዜጣው ሲወጣ የሐዘንተኞቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ "እንዲሁም ስሟ እንዳይጻፍ የጠየቀችን ወይዘሪት" ይላል። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቅ። ሳቁ ረጅም ነበር። እናትህም ሳቀች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም።

ወይዘሮ ሊል ቤቷ ሆና አይታዋለች። የባሏን ቀብር ዝርዝር መሳቢያዋ ውስጥ ነበር ያኖረችው። አወጣችው። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያየቻቸውን ሰዎች እያስታወሰች ከመቶ አራቱ ስም ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። አንድ ሰው ጎደለ። አንድም ስም አትዘልም የተባለልኝ ነገር ዶርካስን አጋለጣት፤ ሌላው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ሰው ነበር። ስድስት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "የባሌን መጻሕፍት መልሻለሁ። ሌላ የቀረ ነገር ካለ አንቺው ጋ ነው" አለቻት። አልጮኸችም ይላሉ።

ዶርካስ እኔ ጋ መጣች። አልፍ አይቷት ወደ ማሽኑ ገባ። አልተቀመጠችም።

"ኢኒድ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ስንት ሰው ነበርን?"

"ሁለት።"

"እኔ አልተናገርኩም።"

ጓንቷን አጥልቃ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ወጣች። ምን ልበላት ኖሯል? የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው? እሱም ዘመዴ ነው? እሱም ሩቅ ነው?

ትናንት እህቷ ወዳለችበት ወደ ባሕሩ ዳር ሄደች። የቤተ መጻሕፍቱ መጋረጃ ረቡዕ ሳይሆን ወርዷል።

ማክሰኞ ቀብር ነበረን። ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰዎቹ ጎንበስ እያሉ አለፉኝ። አንዱ "እትዬ ኢኒድ፣ ይኼኛው በቴሌቪዥን የሚታየው መቼ ነው?" አለኝ። ቀልዱን ነው። ዘጠኝ ስም ይዤ ተመለስኩ፤ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ከስልሳ ያላነሰ ነበር።

ኢኒድ


ለንደን፣ ሜይ 3 ቀን 1979

እትዬ ኢኒድ፣

ስም አልጠራሁም። ከተማ አልጠራሁም። ያንን ክፍል ያዩት ሚሊዮኖች ናቸው፤ ወይዘሪት ፔልን የሚያውቋት ከእነሱ ውስጥ ስንት ናቸው? የጻፍኩት በፍቅር ነው። ሰዎች ሲስቁ እሷን ወደዷት፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

ይጻፉልኝ።

ኔቪል


ለንደን፣ ኦገስት 27 ቀን 1979

እትዬ ኢኒድ፣

የእናቴ ጉልበት እንዴት ነው? በስልክ ደህና ነኝ ብቻ ትለኛለች። የእርስዎን ስም ሳነሣ ስለ አየሩ ታወራለች።

ሌላ ስድስት ክፍል ጠይቀውኛል። ጠረጴዛዬ ላይ የቆዩትን ደብዳቤዎች ደርድሬ እቀመጣለሁ። ሁሉንም ጨርሻቸዋለሁ። ፊት ለፊት ያለው ሰው መስኮቱን ከፍቶ ያየኛል፤ ወይም አያየኝም።

ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ። የዱባው ውድድር ውጤት እንኳን ቢሆን።

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1980

ለኔቪል፣

እናትህ ሂልዳ ዛሬ ጠዋት አርፋለች። አልተሠቃየችም። ለጎረቤቷ በስልክ እንድትነግርህ ነግሬያታለሁ፤ ይህ ወረቀት ደግሞ ቀኑን እንዳትሳሳት ነው። ቀብሩ ሐሙስ በ21 ነው፤ እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው።

የላክህላትን ካፖርት ክረምቱን ሁሉ ለብሳዋለች። እጅጌውን ያሳጠርኩላት እኔ ነኝ።

ኢኒድ


ለንደን፣ ማርች 3 ቀን 1980

ለማከብርዎት ለእትዬ ኢኒድ፣

ጋዜጣው ደረሰኝ። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ከላይ ፈለግሁ፤ ልጅ የሚቀመጠው ከላይ ነውና። ከዚያ በፊደል ተራ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ሰባ ሁለት ስም አለ። የሻለቃው አለ። አልፍ አለ። የኔ የለም።

ያን ዕለት ያልኩትን እንዳልኩት እንዳልወሰዱት ተስፋ አለኝ። ሁሉም የሚያዩኝ መስሎኝ ነበር። ከፊቴ ማን እንደነበረች ያውቃሉ። ያልኩትን ያልኩት ለአንዲት ደቂቃ ነው፤ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ስቆም ተጸጽቼ ነበር፤ ስወጣ ልነግርዎት ፈልጌ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

እናቴ ናት። ሌላ ልጅ የላትም። ያንን ገጽ ቆርጠው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው አውጥቶ ያነበዋል።

በሚቀጥለው ዓርብ ማረሚያ ያውጡልኝ። አንዲት መስመር ትበቃለች።

ኔቪል


ሀርስቢ፣ ማርች 7 ቀን 1980

ለአቶ ኔቪል ክራድክ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በእናትዎ ሞት ያጽናዎት።

ቀብሩ ለእናትዎ የሚገባ ነበር። ሰዎቹ ስማቸውን ሰጡኝ። ለእኔ ብለው አይመስለኝም፤ ለሂልዳ ብለው ነው። ከዓመት በኋላ ደብተሬ ሞላ። ወይዘሪት ፔል ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ከባሕሩ ዳር መጥታ ነበር። እርስዎም ከኋላዋ ስለነበሩ ሰምተዋል፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና ሁሉም እንዲሰማ "ጻፊኝ። ዶርካስ ኤልስፐት ፔል። ሙሉውን ጻፊው" አለች። ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ወይዘሮ ሊል ሦስት እርምጃ ቀድማ ነበር፤ ዞር አላለችም፤ ግን ቆም አለች።

ከዚያ እርስዎ መጡ። እርሳሴ ተነሥቶ ነበር። የስምዎን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ ነበር። ጠጋ ብለው በጆሮዬ "እትዬ፣ እኔን አይጻፉኝ" አሉኝ።

ፊደሏን ሰረዝኳት።

ማረሚያ የሚወጣው ስሕተት ሲኖር ነው። ሰባ ሁለቱ ስም ትክክል ነው። አልፍም አንድ መስመር አላቀያየረም።

እናትዎ ቤት አጠገብ ያሉ ሰዎች እርስዎን ከኋላ ያዩዎት ይመስላቸዋል። በቂም ዘለለችው የሚሉ አሉ፤ ሻለቃው መንገድ ላይ ሰላምታ ከለከለኝ። ሌሎቹ ደግሞ ልጇ እንኳን አልመጣላትም ይላሉ። ይጠይቁኛል። ያሉኝን በሩ ላይ የሰማነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን አላውቅም እላቸዋለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምጽፍለት ሩቅ ዘመድ ነበረኝ።

ኢኒድ ስኬልተን